ሮቶዋን ሲያደርቅብን የከረመው ሽንት ቤት

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ለኛ ብሎክ የሚደርሰው ማክሰኞ ማታና ዓርብ ማታ ነው። ጣሪያ ላይ 500 ሊትር የምትይዝ ሮቶ አለችን። እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ቤት ውስጥ የምታግዘን ልጅና እኔ የምንኖረው በሷ ነው። ከዓርብ እስከ ማክሰኞ መድረስ ቀላል ባይሆንም እየቆጠብን ዓመታት አልፈናል። አትክልት የታጠበበት ውሃ ለመወልወያ፣ ልብስ የተለቀለቀበት ለሽንት ቤት ይሄዳል። መስከረም ላይ ግን ነገሩ ተበላሸ። ዓርብ ማታ ጢም ብላ የሞላችው ሮቶ እሁድ ማታ ባዶዋን መገኘት ጀመረች።

መጀመሪያ የተጠረጠረችው ልጅቷ ናት። እማዬ፣ «ልብስ ስታጥቢ ቧንቧውን ከፍተሽ እየተውሽው ነው» አለቻት። «ኧረ እትዬ፣ እኔ በሳፋ ቀድቼ ነው የማጥበው» ስትል ያመናት የለም። እኔም አላመንኳትም። ከዚያ በኋላ ነገር ላለመስማት ስትል ከታች ከግቢው ቧንቧ በጀሪካን እየቀዳች፣ ሦስት ፎቅ ተሸክማ እየወጣች ታጥብ ጀመር። ሮቶዋ ግን አሁንም እሁድ ማታ ትደርቃለች። ያን ጊዜ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ይህን የምጽፈውም በብዙ ቤት እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ እንዳለ ስለማውቅ ነው። ውሃ ሲጎድል መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው ሰው ላይ ነው፤ ዕቃ የሚጠረጠረው መጨረሻ ላይ ነው።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። ፍሪጁ ጸጥ ብሏል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥንም የለም። ከሽንት ቤት በኩል ቀጭን «ሺ...» የሚል ድምፅ መጣ። ትንሽ ቆይቶ አቆመ። ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ማንም ሳይገባ መጣ። በስልኬ መብራት ገብቼ አየሁ። ወለሉ ደረቅ ነው፣ ቧንቧዎቹም ደረቅ ናቸው። ከመቀመጫው ውስጥ ግን የኋለኛው ግድግዳ በጣም በስሱ ያብለጨልጫል። ሶፍት ቀድጄ ከውሃው መስመር በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ወዲያው ከላይ ወደ ታች እየጠቆረ ወረደ። ከክር የቀጠነ ውሃ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ያለዚያ ሶፍት ዓይኔን ተክዬም ባየው አላየውም ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ሽንት ቤት ያፈሳል ሲባል ሁላችንም ወለሉን ነው የምናየው። ብዙ ውሃ የሚበላው ግን ወለል ሳይነካ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ የሚወርደው ነው።

በማግስቱ የቧንቧ ባለሙያ አስጠራሁ። መጥቶ ክዳኑን አነሳ፣ አንድ ሁለቴ ተጫነው፣ «ዕቃው አርጅቷል፣ የውስጡ በሙሉ ይቀየር» አለኝ። የቱ ክፍል እንደተበላሸ ብጠይቀው «በሙሉ ነው» አለ። የጠራልኝ ዋጋ የወሩን አስቤዛ የሚያናጋ ስለነበር የመጣበትን ከፍዬ ሸኘሁት። ከዚያ ምድር ቤት ያሉት ጋሼ ትዝ አሉኝ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቧንቧ ሲዘረጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው የመለሱልኝ በጥያቄ ነው። «ልጄ፣ የሚያፈሰው መግቢያው ነው መውጫው?» አሉኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ መኖሩንም አላውቅም ነበር። «እሱን ሳታውቂ ምንም እንዳትገዢ» ብለው፣ እንዴት እንደሚለይ አሳዩኝ። የቀረውን በራሴ እጅ ሠራሁት፤ እሳቸው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ መውጣት አልቻሉም።

ከመቀመጫው ጀርባ ያለውን የውሃ ሳጥን እዚህ ታንከር እያልኩ ልቀጥል። ውስጡ ሲያዩት የተወሳሰበ ይመስላል እንጂ ሁለት ነገር ብቻ ነው ያለው። በጎን በኩል የቆመው መግቢያው ነው። ውሃ ያስገባል፤ ከጎኑ ወይም ከላዩ ያለው ተንሳፋፊ ውሃው ሲሞላ ከፍ ይልና ይዘጋዋል። መሃል ላይ ወፈር ብሎ የቆመው ደግሞ መውጫው ነው። ከላይ ቁልፉን ስንጫን ከሥሩ ይከፈትና ውሃው በአንድ ጊዜ ወደ መቀመጫው ይወርዳል፤ ከዚያ ተመልሶ ይቀመጥና በሥሩ ባለች ክብ ጎሚኒ ይታሸጋል። በመሃሉ ከላይ ክፍት የሆነ ቱቦ አለው። መግቢያው አልዘጋ ካለ ትርፉ ውሃ ወለል ላይ እንዳይፈስ በሱ በኩል ወደ መቀመጫው ይወርዳል። እንግዲህ ታንከር በዝምታ የሚያፈስበት መንገድ ሁለት ነው፦ ወይ መግቢያው አልዘጋ ብሎ ትርፉ በቱቦው ይወርዳል፣ ወይ የመውጫው ጎሚኒ አላሽግ ብሎ ከሥር ይሾልካል።

መለየቱ አምስት ብር አያስወጣም። ክዳኑን አንሱ። በቁልፍ የሚሠራ ከሆነ ቁልፉን የያዘውን ቀለበት በእጅ ወደ ግራ ማዞር ያስፈልግ ይሆናል፤ ክዳኑ በኃይል አይነሳም። ካነሳችሁት በኋላ ፎጣ ላይ አስቀምጡት። ሴራሚክ ስለሆነ ከሴራሚክ ወለል ጋር ከተጋጨ ይሰነጠቃል፣ ለብቻው ፈልጎ ማግኘቱም መከራ ነው። ከዚያ ውሃው የቱ ጋ እንደቆመ እዩ። ከመሃለኛው ቱቦ አፍ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። እስከ ቱቦው አፍ ደርሶ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ጥፋቱ የመግቢያው ነው። ዝቅ ብሎ ከቆመ ደግሞ ከታንከሩ ውጭ በጎን በኩል፣ ውሃ የሚያመጣው ቱቦ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ዝጉና ውሃው የቆመበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ሩብ ሰዓት ቆዩ። ውሃው ከምልክቱ ከወረደ መውጫው ነው የሚያሾልከው።

የኔን እንዲህ ነበር ያገኘሁት። የታንከሩን ውስጥ በሜትር ስለካው ከግራ ቀኝ 35 ሳንቲ ሜትር፣ ከፊት ወደ ኋላ 14 ሳንቲ ሜትር ነው። ሲባዛ 490 ይሆናል፤ ስለዚህ ውሃው 1 ሳንቲ ሜትር በወረደ ቁጥር ግማሽ ሊትር ገደማ ሄዷል ማለት ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ 3 ሳንቲ ሜትር ወርዶ አገኘሁት። ሊትር ተኩል በሩብ ሰዓት፣ 6 ሊትር በሰዓት፣ በቀን ከ140 ሊትር በላይ ነው። ሰባት ጀሪካን በየቀኑ! እኛ አራታችን ለማብሰያውም ለመታጠቢያውም በቀን የምንጠቀመው ከዚያ ያነሰ ነበር። በወር ሲታሰብ ከ4 ሜትር ኩብ ያልፋል። የውሃ ታሪፍ ደግሞ በእርከን ስለሆነ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም አብሮ ይጨምራል። ስሌቱን በወረቀት ጽፌ ለእማዬ ሳሳያት አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ዞር ብላ ዝም አለች።

ሶፍቱም እርሳሱም ግልጽ ካላደረገላችሁ ቀለም ሞክሩ። ቀይ ስር ቀቅላችሁ ውሃውን በማጥለያ አጥላችሁ አንድ ኩባያ ታንከሩ ውስጥ ጨምሩበት። ግማሽ ሰዓት ማንም ውሃ እንዳይለቅ አድርጉ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ሮዝ ከሆነ መውጫው እያሾለከ ነው። የምግብ ቀለም ያለው በሱ ይሞክር፤ ሥራው አንድ ነው። ቡናም ያስኬዳል፣ ግን አተላው ጎሚኒዋ ሥር ገብቶ ሌላ ጣጣ ስለሚያመጣ እኔ አልመርጠውም። ቆጣሪ ማየትን በተመለከተ ደግሞ፦ ቆጣሪው ከሮቶ በፊት ስለሆነ ሮቶ ባለበት ቤት ወዲያው አያሳይም። ፈረቃው ደርሶ ሮቶዋ ሞልታ ከዘጋች በኋላ፣ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ የቆጣሪው ትንሽ ተሽከርካሪ አሁንም የምትዞር ከሆነ የሚሄድ ውሃ አለ።

ወደ ጥገናው ልግባ። መጀመሪያ መዝጊያዋን ወደ ቀኝ አዙሮ መዝጋት ነው። ለዓመታት ሳትነካ የኖረች መዝጊያ ልትደርቅ ትችላለች፤ በኃይል ስትጠመዘዝ አንገቷ ተቆርጦ ቤቱን ውሃ በውሃ ታደርገዋለች። እንቢ ካለች ተዋትና ከሮቶ የሚወርደውን ዋናውን ዝጉ። ከዚያ ታንከሩን አንዴ መልቀቅና ሥሩ የቀረውን ውሃ በጨርቅ መምጠጥ። መሃል የቆመውን መውጫ በሁለት እጅ ይዤ ወደ ግራ ሩብ ዙር ሳዞረው «ቀጭ» ብሎ ተላቀቀ፤ ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ አወጣሁት። ካቻቢቴም መፍቻም አልፈለገም። ከሁሉ የገረመኝ ይህ ነው፦ ለመቀየር በሺዎች የተጠራበት ዕቃ በባዶ እጅ ነው የወጣው። በጎን የሚነከሱ ጥርሶች ያሉት ዓይነትም ስላለ፣ ካልዞረ አታስገድዱት፤ ዙሪያውን በመብራት አይታችሁ የሚጫን ነገር ካለ ፈልጉ።

ጎሚኒዋ ከሥሩ ነበረች። በጣቴ ስዳብሳት ጥቁር እንደ ኩል ያለ ነገር ጣቴ ላይ ቀረ። ዙሪያዋን በጥፍሬ ስከተላት ለስላሳ መሆን ሲገባት በአንድ በኩል ደርቃለች፣ በሌላ በኩል ደግሞ አብጣ ሞገድ ሠርታለች። ጋሼ ጋ ይዣት ወረድኩ። አየት አደረጓትና «በረኪና ታደርጋላችሁ አይደል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እማዬ ንጽሕና ስለምትወድ በየሳምንቱ ቅዳሜ ታንከሩ ውስጥ በረኪና ታፈስበት ነበር። ከመቀመጫው ውስጥ ሲሆን በረኪና ምንም አይደለም፣ አጥቦት ይሄዳል። ታንከር ውስጥ ግን ተቀምጦ ይውላል ያድራል፣ ጎማውንም ይበላዋል። ታንከር ውስጥ የሚንጠለጠሉት የክሎሪን እንክብሎችም እንደዚያው ናቸው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ ደስ ይለኛል፦ በረኪና መቀመጫው ውስጥ እንጂ ታንከሩ ውስጥ አይገባም።

አዲስ እስኪገዛ ድረስ ጎሚኒዋን አጥቦ በሌላኛው ፊቷ ገልብጦ መመለስ ይቻላል፤ እኔም ሁለት ቀን እንዲያ አድርጌ ቆይቻለሁ። ሲገዛ አሮጌዋን ይዞ መሄድ ግድ ነው። ስፋቷም፣ የመሃሏ ቀዳዳም፣ ውፍረቷም ይለያያል፣ በዓይን ግምት የሚሆን ነገር አይደለም። የሄድኩበት የመጀመሪያው ሱቅ ጎሚኒ ብቻ አይሸጥም ነበር፤ «እህቴ፣ ከነሙሉ ዕቃው ውሰጂ» አሉኝ። ሁለተኛውም እንደዚያው አለ። መርካቶ ስወርድ ግን አንድ ልጅ የጎሚኒ ክምር ያለበት ካርቶን አወጣልኝና እያለካካ ልኳን አገኘልኝ። ዋጋዋ ከሁለት ማኪያቶ አይበልጥም። ሁለት ገዛሁ፣ አንዷ በመሳቢያ ውስጥ አለች። ምርጫ ካገኛችሁ ነጣ ያለችውን የሲሊኮን ጎሚኒ ውሰዱ፤ ከጥቁሯ ጎማ ይልቅ በረኪናንም ጊዜንም ትችላለች።

አዲሷን ገጥሜ ውሃ ሳስሞላ አሁንም ሶፍቱ ረጠበ። ቀንሷል እንጂ አልቆመም። ተስፋ ልቆርጥ ምንም አልቀረኝ፤ ያ ባለሙያ እውነቱን ይሆን እንዴ ብዬም አሰብኩ። ደግሜ ፈታሁትና በዚህ ጊዜ ጎሚኒዋን ትቼ የምታርፍበትን ቦታ በጣቴ ዳበስኩ። ዙሪያውን አሸዋ የተረጨበት ይመስል ይቆረቁራል። የኛ ሰፈር ውሃ ሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ዓይነት ነው፤ ያው ቅርፊት እዚያም ተጋግሯል። ጎሚኒ የቱንም ያህል አዲስ ብትሆን ሻካራ ነገር ላይ ከተቀመጠች አታሽግም። ጨርቅ አቼቶ ውስጥ ነክሬ ቅርፊቱ ላይ ጠምጥሜ ለአንድ ሰዓት ተውኩት። ተመልሼ ስጠርገው እንደ እርጥብ ኖራ ተላቀቀ። ቢላ ወይም የብርጭቆ ወረቀት አትጠቀሙ፤ ፕላስቲኩን አንዴ ከጫራችሁት በጭረቱ በኩል ለዘላለም ያፈሳል። ከዚያ ጎሚኒዋን መልሼ፣ መውጫውን ወደ ቀኝ አዙሬ፣ ውሃ ከፍቼ ሶፍት ለጠፍኩ። አሥር ደቂቃ ቁጭ ብዬ አየሁት። ደረቅ ነው።

ወንድሜ «አለቀ?» ሲለኝ አላለቀም ነበር። ዕቃውን ስመልስ መግቢያው ለመዝጋት እያመነታ፣ ሞልቶም ትንሽ ትንሽ ሲያንጠባጥብ አየሁ። ይህ ደግሞ የፈረቃ ውሃ የሚያመጣው በሽታ ነው። መስመሩ ለቀናት ባዶ ቆይቶ ውሃ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚመጣው አየርና ዝገት፣ ደቃቅ አሸዋም ነው። ያ ሁሉ በሮቶዋ በኩል ሄዶ ሄዶ የመግቢያው ጠባብ ቀዳዳ ላይ ይቀመጣል። ውሃውን ዘግቼ የመግቢያውን ራስ ወደ ግራ አዙሬ ከፈትኩ፣ ውስጡ ያለችውን ትንሽ ጎሚኒ አጠብኩ። ከዚያ በላዩ ኩባያ ደፍቼ ይዤ መዝጊያውን ለአፍታ ከፈትኩት። ኩባያውን ያለመያዝ ማለት ጣሪያ ድረስ መታጠብ ነው። ሻይ የመሰለ ውሃ ከነአሸዋው ወጣ። ሁለት ጊዜ እንዲያ ካደረግሁት በኋላ ገጠምኩት፣ ልክ ምልክቱ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ፍሌክሲብሉ፣ ማለትም ከመዝጊያዋ ወደ ታንከሩ ውሃ የሚያደርሰው ተጣጣፊ ቱቦ፣ ታንከሩ ሥር በሚገባበት አፍ ላይም ወንፊት ልትኖር ትችላለች። ቀስ እያለ የሚሞላ ታንከር ካላችሁ መጀመሪያ እሷን እዩ።

ስለዚህ አሁን በቤታችን ልማድ አድርገነዋል። ፈረቃችን በሚደርስበት ማታ ውሃ ከመምጣቱ በፊት የሽንት ቤቱን መዝጊያ እንዘጋለን። ውሃው ሲመጣ በሮቶ ሳያልፍ ከመስመሩ በቀጥታ የሚመጣውን የጓዳውን ቧንቧ ከፍተን የሚጠራውን እንጠብቃለን፤ ድፍርሱ በባልዲ ተይዞ ለአበባ ይሆናል። ከጠራ በኋላ ነው ሽንት ቤቱ የሚከፈተው።

ውሃው እስከ ቱቦው አፍ እየደረሰ የሚወርድባችሁ፣ መግቢያው ላይ ግን ቆሻሻ ከሌለ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ ተስተካክሎ ይሆናል። በአሮጌዎቹ ላይ ኳሷ የተያዘችበትን ዘንግ በቀስታ ወደ ታች ጎንበስ ማድረግ ነው። በአዲሶቹ ላይ ተንሳፋፊውን የያዘች ቀጭን ብሎን አለች፣ እሷን በማዞር ዝቅ ይላል። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ በቪዲዮ ደውላ የሷን ስታሳየኝ ደግሞ መውጫው ሌላ ዓይነት ነው፤ ከእጀታው ጋር በሰንሰለት የተያያዘ ክዳን ነው፣ ፍላፐር ይሉታል። የሷ ያፈስ የነበረው ሰንሰለቱ ረዝሞ ከክዳኑ ሥር እየገባ ስለነበር ነው። ሁለት ቀለበት አሳጥራ ገላገለችው። በጣም ካጠረ ደግሞ ክዳኑን አንጠልጥሎ ይይዘዋል፤ ትንሽ ላላ ማለት አለበት።

አንድ የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ፣ እናንተ እንዳትደግሙት። ፍሌክሲብሉን ፈትቼ ስመልስ እርግጠኛ ለመሆን ብዬ ቴፍሎን የሚሉትን ስስ ነጭ የቧንቧ ጥቅል ደራርቤ ጠመጠምኩበትና በፓፓጋሎ አጥብቄ አሰርኩት። ማንጠባጠብ ጀመረ። ይበልጥ አጠበቅሁት፣ ይበልጥ አንጠባጠበ። ጋሼ በስልክ ሲሰሙ «ፍቺው፣ ቴፍሎኑን ጣይው» አሉኝ። የፍሌክሲብል ራስ በውስጡ የራሷ ጎሚኒ አለቻት፣ የምታሽገው እሷ ናት። ቴፍሎን ሲደረብ ዳዶው እስከ መጨረሻው ሳይገባ ይቀርና ጎሚኒዋ ቦታዋን አትነካም። በእጅ እስኪያልቅ ድረስ አዙሮ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ መጨመር ይበቃታል። ቴፍሎን የሚያስፈልገው ብረት በብረት ላይ፣ ጎሚኒ በሌለበት ጥርስ ላይ ነው፤ ሲጠመጠምም ጥርሱን ፊት ለፊት ይዞ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ነው፣ አለዚያ ሲታሰር ይተረተራል።

ውሃው ወለል ላይ የሚታይ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁሉንም በጨርቅ አድርቁና በየመገጣጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት አንጥፉ፣ መጀመሪያ የረጠበው ይናገራል። ታንከሩና መቀመጫው በሚገናኙበት በኩል ከሆነ ሁለቱን የያዙት ብሎኖች ጎሚኒ አልቆ ይሆናል። ብሎኖቹን ስታጠብቁ አንዱን ብቻ እስከ መጨረሻው አትሂዱ፤ ግራውን ትንሽ፣ ቀኙን ትንሽ እያሉ ነው። ሴራሚክ ብረት አይደለም፣ ከመጠን በላይ ሲታሰር ሳያስጠነቅቅ «ጧ» ይላል፣ ያኔ የሁለት ማኪያቶው ሥራ የሙሉ ሽንት ቤት ግዢ ይሆናል። ውሃው የሚታየው ከመቀመጫው እግር ሥር ከሆነ፣ ያውም በለቀቃችሁት ቁጥር ብቻ፣ እሱን እኔ አልነካውም። ከፍሳሹ ቱቦ ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ ተከፍቷል ማለት ስለሆነ የሚወጣው ንጹሕ ውሃ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ የሚወርደው በታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ ነው። ዙሪያውን በሲሊኮን መድፈን ውሃውን ከእናንተ ዓይን ይሰውረዋል እንጂ ወደ ታች መውረዱን አያስቆመውም። ለዚህ ባለሙያ ጥሩ፣ ለጎረቤትም ቀድማችሁ ተናገሩ።

ጥገናው ያለቀው ሐሙስ ነው። በማግስቱ ዓርብ ማታ ሮቶዋ ሞላች። እሁድ ማታ ወንድሜ ጣሪያ ወጥቶ በጎኗ ሲያንኳኳ ከግማሽ በላይ ውሃ አለ። ሰኞም አለ። ማክሰኞ ጠዋት እማዬ ቡና አስፈላች። ልጅቷ እንደልማዷ ጀሪካኗን ይዛ ልትወርድ ስትል እማዬ ጠራቻትና አጠገቧ አስቀመጠቻት፣ አቦሉን ራሷ ቀድታ በእጇ ሰጠቻት። «ይቅር በይኝ ልጄ፣ ያላጠፋሽውን ነው የተናገርኩሽ» አለቻት። ልጅቷ አቀርቅራ «ኧረ እትዬ» ብቻ አለች። እኔም የራሴን ይቅርታ ጠየቅኋት። ልብሱን የዚያን ቀን ከላይ፣ ከሮቶዋ ውሃ ነው ያጠበችው።